የጥድ ጣውላ ለምን ይሆናል፣ ለምን አይሆንም?

ብቸና ወይም ሞጣ ላይ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው እንጨት ሲያስብ አስቀድሞ የሚመጣለት ባሕር ዛፍ ነው። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ፣ መወጣጫው ሁሉ ከባሕር ዛፍ ይወጣል። ችግሩ የሚጀምረው በርና መስኮት፣ ኮርኒስ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ላይ ሲደረስ ነው። ዋንዛን ሁሉም ይወደዋል፤ ግን ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። ስለዚህ ምርጫው ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ክረምት ሲገባ በሩ አልዘጋ ይላል፤ በበጋ ደግሞ በሳንቃዎቹ መካከል ብርሃን ያሳልፋል፤ የአልጋው ራስጌ ይንጋደዳል። ባለቤቱም «ድሮስ ጥድ እንጨት ሆኖ ነው?» ብሎ ይደመድማል።

ይህ ፍርድ ለጥድ አይገባውም። ጥድ እንደማንኛውም እንጨት የሚሆንለት ሥራ አለ፣ የማይሆንለትም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመድረቂያ ጊዜ ይፈልጋል። ስለ ጥድ ከሚሰማው ስሞታ አብዛኛው እንጨቱ የወለደው ሳይሆን፣ እርጥብ ጣውላ ዛሬ ገዝቶ በሚቀጥለው ሳምንት በር አድርጎ መግጠም የወለደው ነው።

አስቀድሞ ግን የትኛው ጥድ? በአገራችን በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ዛፎች አሉ፤ በመልክ ስለሚመሳሰሉም ገዢውን ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ሻጩንም ያምታታሉ። የአበሻ ጥድ፣ በሳይንስ ስሙ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ፣ ከደጋው ጋር አብሮ የኖረ የአገር በቀል ዛፍ ነው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ጥድ የሚወደው ከፍታ ላይ ናቸው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ፣ በእርሻው መካከል ጠቆር ያለ የዛፍ ስብስብ ከሩቅ ሲያይ እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሳይነግሩት ያውቃል። አገር በቀሉ ዛፍ ተርፎ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነውና።

የፈረንጅ ጥድ፣ ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ፣ ግን እንግዳ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በትምህርት ቤት አጥር፣ በመሥሪያ ቤት ግቢ፣ በገበሬው ማሳ ድንበርና በመንግሥት የደን ተክል ውስጥ የምናየው ቀጥ ብሎ የሚያድገው ዛፍ እሱ ነው። ሁለቱን ለመለየት ቅጠሉ ላይ ከመጨቃጨቅ ፍሬውን ማየት ይቀላል። የአበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ክብ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላና ሥጋ ያለው ነው፤ ወፎች ይበሉታል፣ ዘሩንም ይበትኑታል። የፈረንጁ ፍሬ ደግሞ ደረቅ እንጨት የሚመስል ድብልብል ነገር ነው፤ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ይከፈትና ዘሩን ያራግፋል። ጣውላ ሆኖ ከመጣ በኋላ ደግሞ ቀለሙ ይለየዋል። የአበሻ ጥድ ልቡ ቀይ ወደ ቡናማ ያደላ፣ ዳሩ ነጣ ያለ ነው፤ በመጋዝ ሲነካ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። የፈረንጁ ልብ ገረጣ ያለ ቢጫ ቡናማ ሆኖ አንዳንዴ ሐምራዊ ጥላ ይታይበታል፤ ሽታ አለው፣ ግን ለስለስ ያለ ነው።

ከነዚህ ጋር በአንድ ወገን የሚቆጠረው ሦስተኛው ዝግባ ነው። የአበሻ ጥድና ዝግባ በኢትዮጵያ ምድር በራሳቸው የሚበቅሉት ሁለቱ ብቸኛ የዚህ ወገን ዛፎች ናቸው። ዝግባ ቀጥ ያለ፣ ገረጣ ያለ ቢጫ፣ ሽታ የሌለው፣ በመላጊያ ሲነካ ልስልስ ብሎ የሚወጣ እጅግ ያማረ ጣውላ ይሰጣል፤ ምስጥ ላይ ግን አቅም የለውም።

እነዚህን ዛፎች የሚያመሳስላቸው ውስጣቸው ነው። ዋንዛ፣ ባሕር ዛፍና ወይራ ውኃ የሚያሳልፉበት ለብቻው የተሠራ ሰፊ ቧንቧ አላቸው፤ የዋንዛን ጣውላ ጫፍ በሹል መሮ ቆርጠው ቢያዩ ቀዳዳዎቹ በዓይን ይታያሉ። ጥድ ያ የለውም። ጣውላው እንደ ታሰረ የሸምበቆ እስር ነው፦ እጅግ ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ አንድ ዓይነት ክሮች ጎን ለጎን ተደርድረው ውኃውንም ያሳልፋሉ፣ ዛፉንም ያቆማሉ። ጥድ ሲላግ ለስላሳና ወጥ ገጽ የሚሰጠው፣ በመጥረቢያ ሲመታም በቀጥታ መስመር የሚፈለጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ባሕርይ ጫፉ ላይ ሚስማር ሲመታበትም ይሰነጥቀዋል።

በንግዱ ዓለም የነዚህ ዛፎች ጣውላ ለስላሳ እንጨት፣ የነዋንዛና የባሕር ዛፍ ደግሞ ጠንካራ እንጨት ይባላል። ይህ ክፍፍል የዛፉን ዘር እንጂ የጣውላውን ጥንካሬ አይናገርም። የደረቀ ዋንዛ በኪዩቢክ ሜትር 400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የአበሻ ጥድ ግን ከ500 ያልፋል። የፈረንጅ ጥድ ከ400 እስከ 450 ገደማ ነው፤ ማለትም በክብደቱ ከዋንዛ እምብዛም አይርቅም። ነጭ ባሕር ዛፍ 700 አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ «ጥድ ቀላል ስለሆነ ደካማ ነው፣ ዋንዛ ጠንካራ ነው» የሚለው የብዙ ሰው አባባል ሚዛን ላይ አይቆምም። ዋንዛ የሚበልጠው በክብደት ሳይሆን በመልኩና ከደረቀ በኋላ ቅርፁን ይዞ በመቆየቱ ነው።

የአበሻ ጥድ ዝናው ከምስጥ ጋር ባለው ጠብ ነው። ቀዩ ልቡ ውስጥ ያለው ዘይትና መራራ ንጥረ ነገር ምስጡንም የሚያበሰብሰውን ፈንገስም ስለሚያርቅ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ የጥድ ቋሚ ባሕር ዛፉ ተበልቶ ካለቀ በኋላም ይቆማል። ይህ ግን ስለ ልቡ እንጂ ስለ ነጩ ዳሩ አይደለም፤ ነጩን ምስጥ ከሌላው እንጨት ለይቶ አይምረውም። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዘመን ሞጣ ጊዮርጊስን ሲያስተክሉ ባሕር ዛፍ በአገሩ ገና አልነበረም። የዚያ ዘመን ሠሪ ምሰሶውንም ወራጁንም ሳንቃውንም ከአገር በቀል ዛፍ ማውጣት ነበረበት፤ ለዚያ ዘመን ሰው የእንጨትን ጠባይ ማወቅ የሙያው ግማሽ ነበር። በኬንያ ደግሞ በ20ኛው መቶ ዘመን ይኸው ዛፍ ለእርሳስ ፋብሪካ ይቆረጥ ነበር፤ በምላጭ ሲቀረጽ ሳይሰባበር ስለሚወጣ ለዚያ ሥራ የሚመች እንጨት ነው።

አሁን ግን የአበሻ ጥድ ለአናጺ ቤት የሚመከር አይደለም። አንደኛው ምክንያት ሕጉ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የአበሻ ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። እሱም በኋላ በ1999 እና በ2010 በወጡ አዳዲስ የደን አዋጆች ተተክቷል። በግል ይዞታ ላይ ላለ ዛፍም ቢሆን ለመቁረጥና ለማጓጓዝ ፈቃድ የሚጠየቀው ከወረዳው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ዛፉ ራሱ ነው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥድ ግን አያቆጠቁጥም፤ የተቆረጠ ጥድ ያበቃለት ጥድ ነው። እድገቱም አዝጋሚ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ በዕድሜ የገፋ ትልቅ የአበሻ ጥድ ልቡን የሚበላ ፈንገስ ስለሚያጠቃው ከውጭ ግዙፍ ሆኖ ሳለ ውስጡ ክፍት ሆኖ ይገኛል። የድሮ ቆራጮች ከመጣላቸው በፊት ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ይመቱት ነበር፤ ድምፁ ከበሮ ከመሰለ ይተዉታል። ያንን ዛፍ መጣል ቅጥሩን ማራቆት እንጂ ጣውላ ማግኘት አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ታሪክ ላንሳ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ጥድ ለቤትና ለማገዶ ሲያልቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን እንዳለ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራም አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ካለችበት እንዳትነቃነቅ ያደረጋት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። በተቃራኒው ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን እስከ ዛሬ ጥዱን ይዞ ቆይቷል፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። አንድ አገር በአንድ ትውልድ ቆርጦ የጨረሰውን ጥድ ለመመለስ ስንት ትውልድ እንደሚጠብቅ ከዚህ ይገባል።

ስለዚህ ለበርና ለአልጋ የሚሆነን ጥድ የፈረንጁ ነው። ወደ እርሱ እንመለስ።

የፈረንጅ ጥድን አናጺዎች የሚወዱት ለመሣሪያ ስለሚታዘዝ ነው። መጋዝ አያስጨንቅም፣ መላጊያ በቀላሉ ይሄድበታል፣ ኮላ በደንብ ይይዛል። የፓይን ዘሮች ያላቸው የሙጫ ቱቦ ስለሌለው ገጹ አያጣብቅም፣ ቀለምም እየገፋ አያበላሽም። ጉዳዩ ሁለት ነው፤ እርጥበቱና ጉጡ።

እርጥበቱን በደንብ እንየው። ከተቆረጠ ዛፍ የወጣ ጣውላ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውኃ አለ። አንደኛው በክሮቹ ባዶ ቦታ የሞላው ነው፤ እሱ ሲወጣ ጣውላው ይቀልላል እንጂ ቅርፁ አይለወጥም። ሁለተኛው በክሮቹ ግድግዳ ውስጥ የተዋሐደው ነው። የእርጥበቱ መጠን ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 ከመቶ ገደማ ሲደርስ የመጀመሪያው ውኃ አልቆ ሁለተኛው መውጣት ይጀምራል፤ መኮማተሩም የሚጀምረው ያኔ ነው። አንድ ሳምንት ፀሐይ የመታው ጣውላ በእጅ ሲነካ ደረቅ መስሎ አናጺውን የሚያታልለው ለዚህ ነው። ላዩ ደርቋል፤ ገና መኮማተር ያልጀመረው ግን ውስጡ ነው። ለቤት ዕቃ የሚሆን ጣውላ 12 ከመቶ አካባቢ መድረስ አለበት።

መኮማተሩ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ የለም። ጣውላውን ከጫፉ ቢመለከቱ የዛፉ የዕድሜ ቀለበቶች ይታያሉ፤ በቀለበቶቹ መስመር በኩል ያለው መኮማተር ቀለበቶቹን አቋርጦ ከሚሄደው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከግንዱ ዳር የተሰነጠቀ፣ ቀለበቶቹ በጫፉ ላይ እንደ ቀስት የተኙበት ጣውላ ሲደርቅ ሁለቱ ጠርዞቹ ከዛፉ ልብ ርቀው ይነሣሉ፤ ጀርባው እንደ ሰሐን ይጎደጉዳል። ቀለበቶቹ በጫፉ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙበት ጣውላ ግን ብዙም አይንጋደድም። መደብር ገብቶ ጣውላ የሚመርጥ ሰው ፊቱን ብቻ እያየ ያነሣል፤ ይልቅ ጫፉን ቢያይ ይጠቀማል። የዛፉ እምብርት መሐል ለመሐል ያለፈበትን ጣውላ ደግሞ ቢያገኙም አይውሰዱት፤ መሰንጠቁ አይቀርም።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። 20 ሳንቲ ስፋት ያለው እርጥብ የፈረንጅ ጥድ ጣውላ እስከ 12 ከመቶ ሲደርቅ ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ይጠባል። አራት እንዲህ ያሉ ሳንቃዎች ተጋጥመው የተሠራ በር ታዲያ ከ2 ሳንቲ በላይ ይጎድላል። በመቃኑና በበሩ መካከል ነፋስ የሚገባው፣ ድመት አጮልቃ የምታይበት ክፍተት የመጣው ከዚህ ነው። ጣውላው በደንብ ከደረቀም በኋላ እንቅስቃሴው ፈጽሞ አይቆምም። በጥርና በየካቲት የጎጃም ደጋ አየር ደርቆ እንጨቱን ይጨምቀዋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ጉሙ መልሰው ያጠጡታል። ያው የ80 ሳንቲ በር በበጋና በክረምት መካከል ግማሽ ሳንቲ ገደማ ይሰፋል፣ ይጠባል። በበጋ ልክክ ተደርጎ የተገጠመ በር ሐምሌ ላይ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋው አናጺው ስለሰነፈ ላይሆን ይችላል፤ ቦታ ሳይተውለት ስለገጠመው ነው።

ማድረቂያው ዘዴ ውድ ነገር አይጠይቅም። ጥላና ነፋስ በቂ ነው። ድንጋይ ወይም ብሎኬት ደርድረው ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ከፍ ያድርጉት፤ በእያንዳንዱ የጣውላ ንብርብር መካከል 2 ሳንቲ ውፍረት ያላቸውን ደረቅ ቁራጮች በየ50 ሳንቲው ያስገቡ። ቁራጮቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ ቀጥታ መስመር መዋል አለባቸው፤ ካልዋሉ ጣውላው በራሱ ክብደት ይጎብጣል። የጣውላዎቹን ጫፍ በተረፈ ቀለም ወይም በሰም ይቀቡ። እንጨት ውኃውን በፍጥነት የሚያወጣው በጫፉ ስለሆነ፣ ያልተቀባ ጫፍ ከቀሪው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከላይ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ ከበድ ያለ ድንጋይ። በፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ጣውላን ማበላሸት ነው። 2 ሳንቲ ተኩል ውፍረት ያለው የፈረንጅ ጥድ በጥቅምት ተከምሮ ቢቆይ በጥር ወይም በየካቲት ለሥራ ይደርሳል። በሐምሌ የተከመረ ግን ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል።

መድረሱን ለማወቅ በግምት መሄድ አያስፈልግም። ከጣውላው መሐል፣ ከጫፉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ገባ ብለው፣ ትንሽ ቁራጭ ይቁረጡና በቅመም ሚዛን ይመዝኑት። ከዚያ ለብ ባለ ምድጃ ላይ ሳያሳርሩ ያድርቁት፤ ደጋግመው ሲመዝኑት ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ። መጀመሪያ 260 ግራም የነበረው መጨረሻ ላይ 200 ግራም ከሆነ 60 ግራም ውኃ ነበረበት ማለት ነው፤ ያም ከደረቁ ክብደት 30 ከመቶ ነው፣ ገና ነው። 225 ግራም የነበረው 200 ላይ ከቆመ ጣውላው ለሥራ ደርሷል። አንድ ጊዜ ይህን ያደረገ አናጺ ከዚያ በኋላ እጁ ይለመድለታል፤ ጣውላ አንሥቶ ብቻ ይገምታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጉጡ ነው። ጉጥ ማለት ቅርንጫፉ ከግንዱ የወጣበት ቦታ ነው። ቅርንጫፉ ሕያው ሳለ የተከበበ ጉጥ ከጣውላው ጋር ተዋሕዶ ይኖራል፤ መላጊያ ያስቸግራል እንጂ አይወድቅም። ቅርንጫፉ ደርቆ ሳለ ግንዱ ከውጭ እየከበበው ያደገበት ጉጥ ግን ዙሪያው ጥቁር ክብ ይሆናል፤ ጣውላው ሲደርቅ ይላቀቅና ቀዳዳ ትቶ ይወድቃል። ስለዚህ የጥድ ጣውላ ጥራት የሚወሰነው መጋዝ ቤት ሳይሆን ዛፉ ገና ልጅ ሳለ ነው። በማሳው ድንበር ላይ የፈረንጅ ጥድ የተከለ ገበሬ ከአራትና ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ከግንዱ አስጠግቶ በመጋዝ ቢያነሣ፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እንጨት ጉጥ የለሽ ይሆናል። በመጥረቢያ መቁረጥ ጉቶ ስለሚተው ትርፉ ሌላ ጉጥ ነው። በአጥር ተተክሎ፣ ሳይገረዝ፣ ሳይቀነስ ያደገ ጥድ ለማገዶና ለካሳፎርማ እንጂ ለአልጋ አይሆንም።

አውደ ሥራው ላይ ጥቂት ነገር ማወቅ ይበቃል። የመላጊያው ምላጭ ሹል ካልሆነ የጥዱን ለስላሳ ክፍል ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ያ ቦታ ያብጥና ገጹ ሻካራ ይሆናል። ጉጥ ዙሪያ የእንጨቱ መስመር አቅጣጫውን ስለሚቀይር ከሁለቱም በኩል ወደ ጉጡ መላግ ይሻላል። ሚስማር ከጫፍ አጠገብ ሲመታ አስቀድሞ መብሳት፣ መሰርሰሪያ ከሌለ የሚስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ ማደንዘዝ ነው፤ የደነዘዘው ጫፍ ክሩን ይሰብራል እንጂ አይሰነጥቅም። ቀለም ያለው ቫርኒሽ በቀጥታ ከተቀባ ቦታ ቦታ እየጠጣ ይዥጎረጎራል፤ በመጀመሪያ በቀጠነ ጥርት ያለ ቫርኒሽ አንድ እጅ ማጥገብ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያ ቀለሙን ማስከተል ነው። ሲላግና ሲፈገፈግ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ የጥድ ብናኝ ጉሮሮ ያቃጥላል።

በር የሚያሠራ ሰው አናጺውን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ መሐለኛው ሳንቃ በነፃነት ይንቀሳቀሳል ወይ? ጥሩው አሠራር ዙሪያውን ጠንካራ ክፈፍ ሠርቶ ውስጡን ቦይ መቦርቦር፣ ሳንቃውን በቦዩ ውስጥ ያለ ኮላና ያለ ሚስማር ማስገባት ነው። ክረምት ሲመጣ ሳንቃው በቦዩ ውስጥ ይሰፋል፤ በጋ ሲመጣ ይጠባል፤ ክፈፉ ግን ባለበት ይቆማል። ሳንቃዎቹ ጎን ለጎን በሚስማር የተጠረቁበት በር የጣውላ ወጪው ያው ነው፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው።

እንግዲህ ለምን ይሆናል? ለቤት ውስጥ በርና መቃን፣ ለኮርኒስ፣ ለመደርደሪያ፣ ለቁም ሣጥን፣ ለአልጋ፣ ለትምህርት ቤት ጠረጴዛ፣ ለዘመናዊ የንብ ቀፎ የፈረንጅ ጥድ የሚያኮራ እንጨት ነው። ቀፎው ላይ ግን ሽታው እስኪጠፋ በደንብ መድረቅ አለበት። ኮርኒስ ላይ በተለይ ከብዙ እንጨት ይመረጣል፤ ቀላል ስለሆነ ጣሪያውን አያስጨንቅም።

ለምን አይሆንም? ከመሬት ጋር ለሚገናኝ ነገር ሁሉ አይሆንም። የእርሻ ጥድ ብዙውን ጊዜ ገና ልጅ ሆኖ ስለሚቆረጥ አብዛኛው አካሉ ነጭ ዳር እንጨት ነው፤ ምስጥ ለዚያ እንግዳ አይደለም። የአበሻውን ጥድ ዝና ለፈረንጁ ሰጥቶ ቋሚ አድርጎ የሚቀብር ሰው በጥቂት ዓመት ይጸጸታል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ላዩን ለጊዜው ይጠብቀዋል፣ ውስጡ ግን አይዘልቅም፣ ለቤት ውስጥ ዕቃም ፈጽሞ አይሆንም። ጫማ የሚበዛበት ወለል ላይ ይጎደጉዳል። ለቅቤ ማስቀመጫም አይሆንም፣ ሽታውን ያሳልፋል። ለሞፈርና ለድግር ደግሞ ማንም አያስበውም፣ ትክክልም ነው።

ከምስጥ ቀጥሎ ያለው ጠላት ውኃ ነው፤ ይህን ግን ቤት ሠሪው ያሸንፈዋል። ላሊበላ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ የተሠራ ነው፤ በ12ኛው መቶ ዘመን የገባው እንጨት ዛሬም ቆሟል። ዋሻው ከዝናብ ስላስጣለው ደረቅ ሆኖ ቀረ፣ ደረቅ እንጨት ደግሞ አይበሰብስም። ሞጣ ላይ መስኮት የሚያሠራ ሰው ዋሻ አያስፈልገውም፤ ከግድግዳው ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍና የድንጋይ ደፍ ይበቃዋል።

የፈረንጅ ጥድ ለመትከል ያሰበ ሰው አንድ አደጋም ይወቅ። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማላዊ ታይቶ በምሥራቅ አፍሪካ የተዛመተ ጭማቂውን የሚመጥ ክሽክሽ አለ፤ በአገራችንም ገብቷል። ዛፉን ከውስጥ ወደ ውጭ እያጠወለገ ቡናማ ያደርገዋል። ማሳውን ሙሉ በአንድ ዛፍ ብቻ መሙላት ክሽክሹ የመጣ ዕለት ሁሉን ማጣት ነው፤ ከግራቪሊያ ወይም ከዋንዛ ጋር አደባልቆ መትከል ይሻላል። ለጣውላ የሚበቃ የፈረንጅ ጥድ 25 እና 30 ዓመት ይፈልጋል። ሲቆረጥ አያቆጠቁጥም፤ የሚቆርጥ ሰው ሌላ ችግኝ በእጁ ይኑረው።

ጣውላ ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩን ዛፉ መቼ እንደተቆረጠና የት ተከምሮ እንደቆየ ይጠይቁ። መልስ ካጡ ቢገዙም በኅዳር ገዝተው በራስዎ ጥላ ሥር ያድርቁት፤ በሩንም በመጋቢት ያሠሩ፣ በዙሪያው 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉለት። ቀይ ልብ ያለው፣ ሽታው የሚያውድ ጣውላ በርካሽ ካቀረቡልዎት ግን የአበሻ ጥድ ነው፤ የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን ይጠይቁ፣ ፈቃድ ከሌለው አይግዙ።